በሬዎቹ ባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ

የትናየት ጥሩሰው የምትሠራው እንግዳ በማይመጣበት ሆቴል፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ ነው። ሆቴሉ ላሊበላ ከተማ ዳር ላይ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆሟል። ለገና ክፍሎቹ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፎቹ በየሚስማራቸው ተንጠልጥለው ይከርማሉ። ባለቤቱ አቶ አረጋ ሌሎቹን ሠራተኞች አንድ በአንድ ሲያሰናብት እሷን አስቀራት። «ቁልፍ የሚጠብቅ ሰው ግድ ነው» ይላል። ቁልፎቹን ማንም እንደማይሰርቃቸው ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ስልክ ታነሣለች፣ አልፎ አልፎ የሚመጣውን እንግዳ ትመዘግባለች፤ የቀረውን ጊዜ ላፕቶፗን ከፍታ ታርሳለች።

አቶ አረጋ ነው «ታርሳለች» የሚለው። አንድ ጊዜ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን አየና ሁለት በሬዎች በዳገት ማሳ ላይ ሲሄዱ ቢያይ፣ «እኔ ከእርሻ ሸሽቼ ሆቴል ከፈትኩ፤ አንቺ ሆቴሌ ውስጥ ገብተሽ ታርሻለሽ» ብሏት ሄደ።

በወልዲያ የተማረችው ሒሳብ አያያዝ ነበር። ፕሮግራም መጻፍን የለመደችው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንግዳ ይበዛ በነበረበት ጊዜ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው እየተያዘ ሲያስቸግራት፣ ፓይተን የሚባለውን ቋንቋ ከስልኳ ላይ እያነበበች የክፍል መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራች። ከዚያ እንግዳው ቀረ፤ ቋንቋው ቀረላት። ፓይተን ለሰው አነጋገር የቀረበ ነው። የተጻፈለትን ኮምፒዩተሩ መስመር በመስመር እያነበበ ይፈጽማል፤ አንድ ቃል ለውጦ ውጤቱን እዚያው ማየት ይቻላል። ለነገሮች ስም ሲወጣላቸውም በአማርኛ ፊደል ቢጻፍ አይቀየምም። በሬውን «በሬ»፣ ማሳውን «ማሳ» ብላ ስትጽፍ መጀመሪያ ላይ አሳፍሯት ነበር፤ ኋላ ግን ሌላ ሰው ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ነገር መጻፏን አስተዋለች።

የኮምፒዩተር ጨዋታው ስሙ «አዝመራ» ነው። ተጫዋቹ በላስታ ደጋ ላይ ጎጆ፣ ጥቂት ማሳና አንድ በሬ ተሰጥቶት ዓመቱን መዝለቅ አለበት። አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ፣ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው ያርሳሉ። በልግ ይመጣል ወይም ይቀራል። በረዶ ገብሱን ይመታል። በበዓል ሞፈር አይነሣም፣ በጾም ወተት አይቀመስም። ጨዋታው አሸናፊ የለውም። ከጎረቤቶቹ ሳይቆራረጥ መስከረምን ያየ ሰው ተሳክቶለታል።

የጨዋታውን አንጀት የሚሠራው ሀብተ ሥላሴ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ቀን ቀን በአንድ ፋብሪካ ኮምፒዩተር ይጠግናል። ደሴ በተሰጠ ሥልጠና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተዋወቁ፤ ሥልጠናው ሲያልቅ ሥራውን ተካፍለው ተለያዩ። እሱ የሚጽፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ይህ ቋንቋ ለማሽኑ የቀረበ ስለሆነ ይፈጥናል፤ ነገር ግን አንዲት ቁጥር ለመለወጥ እንኳ ፕሮግራሙ እንደገና ወደ ማሽን ቋንቋ መገልበጥ፣ ከዚያም ጨዋታው በሙሉ እንደ አዲስ ለተጫዋቹ መላክ አለበት። ስለዚህ ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው፣ ድምፁን የሚያሰማው፣ የጣት ንክኪ የሚቀበለው ክፍል የሱ ሆነ። በሬ መቼ ያርሳል፣ ጎረቤት በምን ይቀየማል፣ ዝናብ እስከ መቼ ይዘገያል የሚለው የሷ ሆነ። በዚህ ስምምነት ሥራው ያለ ጠብ ከአንድ ክረምት ወደ ሌላው ተሻገረ።

ነገሩ የተበላሸው በጳጉሜን ነው።

መጀመሪያ የደወለችው ጀውሀራ ነበረች። ጀውሀራ ጋሸና መገንጠያው ላይ ምግብ ቤት አላት። የትናየት የሆቴሉን እንግዶች ለመቀበል ጋሸና ትወርድ በነበረበት ዘመን አውቶቡስ የምትጠብቀው እሷ ቤት ነበር። «አዝመራ»ን ከሁለቱ ሌላ መጀመሪያ የተጫወተችው ሰውም እሷ ናት፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች በልተው እስኪነሡ ስልኳን ከመቀነቷ ታወጣለች።

«የትናዬ፣ ይህ ጨዋታሽ ስልኬን እሳት አደረገው። ወላሂ እንቁላል ይጠበስበታል!»

«በሬዎቹስ እትዬ ጀውሀራ? ይሄዳሉ?»

«መሄድ? አንድ እግር ያነሣሉ። ሾፌሩ በልቶ፣ ታጥቦ፣ ጎማውን ፈትሾ ሲሄድ ሁለተኛውን ያነሣሉ።»

«ስልክዎ አርጅቶ እንዳይሆን…»

«ስልኬን ተይው። ሾፌሮቹ በዚሁ ስልክ የመኪና ውድድር ሲጫወቱበት ይበርራል። በሬዎችሽ ናቸው ያረጁት።»

ሀብተ ሥላሴ ደግሞ በማግሥቱ ደወለ። እሱም ርካሽ ስልክ ተውሶ ሞክሮት ኖሯል።

«ችግሩ ያንቺ ክፍል ነው» አለ ሳይጨክንባት፣ ጥርስ እንደሚያይ ሐኪም። «ለክቼዋለሁ። የኔው ሥራውን ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ያንቺን ይጠብቃል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሁሉንም ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ልገልብጠው። ደንቡንም፣ ጎረቤቱንም፣ በዓሉንም።»

«ከዚያ በኋላ ደንብ መለወጥ ስፈልግስ?»

«ትነግሪኛለሽ፤ እለውጠዋለሁ።»

«በየቀኑ እኮ ነው የምለውጠው።»

«እሱን ልማድ ትተይዋለሻ!»

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። እሱም መስመሩ የተቆረጠ መስሎት «ሃሎ? ሃሎ?» አለ።

«እስከ መስቀል ጊዜ ስጠኝ» አለችው።

«እሺ። በመስቀል ሰሞን ራሴ እመጣለሁ። እንደ ጀውሀራ ባለ ስልክ ላይ ከሮጠ ይቆይ፤ ካልሮጠ ግን እወስደዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ «እወስደዋለሁ» የሚለው ቃል ጠረጴዛው ላይ ቀረ። የሱን ቋንቋ አታውቅም። ሁለት ጊዜ ጀምራው ሁለት ጊዜ ትታዋለች። ሁሉም ወደሱ ከሄደ የሷ ድርሻ ሐሳብ መስጠት ብቻ ይሆናል፤ ሐሳብ ብቻ የሚሰጥ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይጠየቃል፣ ቆይቶ ይነገረዋል፣ በመጨረሻ እንደማንኛውም ሰው ሲያልቅ ያየዋል። ሀብተ ሥላሴ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ታውቃለች። ክፉ አስቦ ቢሆን ኖሮ መልስ ይኖራት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጻፈችውን ክፍል በክፍል መለካት ያዘች። እያንዳንዱ ሥራ ሲጀምርና ሲያበቃ ሰዓቱን እንዲናገር አደረገች። ዝናቡ ጊዜ አልወሰደም። የጎረቤት ቅያሜም አልወሰደም። ጊዜው ሁሉ የሚያልቅበት ስፍራ ሲገኝ ግን ልትቀበለው አልፈለገችም፤ ደግማ ለካች፤ ያው ሆነ። ባሕረ ሐሳቡ ነበር።

ባሕረ ሐሳብ የዓመቱ ጾምና በዓል የሚወጣበት ስሌት ነው። አባቷ መሪጌታ ጥሩሰው ከከተማው በላይ ባለ ደብር ያገለግላሉ። ስሌቱን ለሴት ልጃቸው ያስተማሯት ወንድ ልጅ ስላጡ አይደለም፤ ሁለት አሏቸው። እሷ ጠይቃ ጠይቃ ስላላቆመች ነው። ዓመተ ዓለሙን፣ ከአዳም ጀምሮ የተቆጠረውን ዘመን፣ ለዐሥራ ዘጠኝ ያካፍሉታል፤ ከቀሪው አንዱን ለዘመን ይተዉና ወንበሩን ይይዛሉ። ከወንበሩ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ከመጥቅዑ ጾመ ነነዌ፤ ከነነዌ ዐቢይ ጾም፣ ስቅለት፣ ትንሣኤ። በልጅነቷ አንድ ቀን የዓመቱን መጥቅዕ ሲጠይቋት ከትናንት ያስታወሰችውን ብትመልስ፣ መልሱ ልክ ሆኖ ሳለ ቆጡ። «ያስታወስሽውን አልጠየቅሁሽም። አውጪው ነው ያልኩሽ» አሏት። እንደገና ከአዳም ጀምራ አወጣችው። ያን ጊዜ የገባት ነገር አልወጣም፤ የሒሳብ ትምህርት ስትማርም፣ የሆቴሉን ሒሳብ ስትዘጋም ከሥሩ ትጀምራለች።

ፓይተኑንም እንደዚያው ጻፈችው። ማንም ስለ ጾም ወይም በዓል በጠየቀ ቁጥር ስሌቱ ከዓመተ ዓለም ይነሣል። ችግሩ ጠያቂው መብዛቱ ነው። እያንዳንዱ በሬ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ላም፣ እያንዳንዱ ጎረቤት፣ የጎረቤት ሚስት። የሚጠይቁትም ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ደጋግመው ነው። በሬው እግሩን ሊያነሣ ሲል ዛሬ በዓል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከአዳም ጀምሮ ዘመን ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ያነሣል። ሁለተኛውን እግር ከማንሣቱ በፊት እንደገና ከአዳም።

የሩፋኤል ዕለት አባቷ በዝናቡ ተጠምቀው፣ ጋቢያቸው ውኃ እየተንጠባጠበ ገቡ። ደረቅ አምጥታ ስታለብሳቸው ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ጨዋታው የዘገየበትን አገኘሁት። በአንቱ ምክንያት ነው።»

«በኔ? እኔ ያን ነገር በእጄም ነክቼው አላውቅ።»

«ሁልጊዜ ከሥሩ ጀምሪ ይሉኝ የለ? እንደሱ አድርጌ ጻፍኩት። አሁን በሬዎቹ እግራቸውን ባነሡ ቁጥር ባሕረ ሐሳብ ያወጣሉ።»

መሪጌታ ጋቢውን መደረብ ተዉ። «በሬዎቹ?»

«በሬዎቹ።»

«ላሞቹስ?»

«ላሞቹም።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ብርድ መሰላት። ከዚያ ሳቃቸው ወጣ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ከእጅ ጣት የማይበልጡ ተማሪዎች ናቸው የወጡልኝ፤ አንቺ መንጋውን በሙሉ አስመረቅሽው!» ዕንባቸውን በደረቁ ጋቢ ጠረጉ። ጎረቤት የሚኖሩ አንድ ቄስ ሳቁን ሰምተው ምን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ለእሳቸውም ደግመው ነገሯቸውና ሁለቱ እንደገና ሳቁ። የትናየት መጀመሪያ ተናደደች፤ በኋላ አብራ ሳቀች። ለችግሩ መፍትሔ ግን ማንም አላላትም፤ እሷም አልጠየቀች።

የመፍትሔው ግማሽ ግልጽ ነበር፦ አንድ ጊዜ አውጥቶ ማስቀመጥ። የቸገራት ሌላው ግማሽ ነው። ማን ያውጣው? የት ይቀመጥ? አንድ ትልቅ በሬ ለሁሉም ያውጣ ብላ ሞከረች፤ በሬው ሲሞት ቀኑ ለሁሉም ጠፋ። እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ያውጣ ብላ ሞከረች፤ ያም ብዙ ሆነ።

የዘመን መለወጫ ዕለት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ እርጥብ ሣር ላይ እንደቆመ፣ አባቷ እንደ ልማዳቸው ወጥተው የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አወጁ። ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፣ ትንሣኤ በየትኛው ወር እንደሚውል ተናገሩ። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምታዋለች፤ የሰማችው ግን ስሌቱ ልክ መሆኑን ለመከታተል ነበር። ዘንድሮ የሚሰሙትን ሰዎች አየች። አንዲት ሴት በጣቶቿ ቆጠረች፤ ሠርግ ያላት ትመስላለች። ከፊቷ የቆመ ገበሬ ወደ ባልንጀራው ዞሮ፣ «ዘንድሮ ጾሙ ይዘገያል፤ በጓን ልሸጣት ነበር፣ ትቆይ» አለው። ወንበርና አበቅቴ ብሎ የቆጠረ ሰው የለም። አንድ ሰው አወጀ፤ ሁሉም የሚመለከተውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

የዕለቱን ምሳ በልታ ወደ ሆቴሉ ወረደች። «አዋጅ» የምትባል አዲስ ክፍል ጻፈች። በጨዋታው ዓመት የመጀመሪያ ቀን ባሕረ ሐሳቡ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ለሁሉም ይነገራል፣ እያንዳንዱ ቤት የሚመለከተውን ይይዛል። በሬዎች ከዚያ ወዲያ ምንም አይጠይቁም፤ የቤታቸውን ሰው ይከተላሉ።

አዲሱ ፋይል የተላከላት ጀውሀራ በማግሥቱ ደወለች። «አሁን ይሄዳሉ» አለች። «ደስ ይበልሽ። ግን ሦስት አራት ቤት አንድ ላይ ሲወጣ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። የሰከሩ ይመስላሉ።»

ይህንንም ለካችው። የቀረው የመንገዱ ስሌት ነው። አገሩ ገደልና ዳገት ስለሆነ በሬው ከበረት ተነሥቶ ማሳ እስኪደርስ መንገዱን እየፈለገ፣ ገደሉን እየዞረ መሄድ አለበት። ይህ ከባድ ስሌት ነው፤ ፓይተን ደግሞ እያንዳንዱን መስመር አንብቦ ነው የሚፈጽመው። የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። እዚህ ላይ ሀብተ ሥላሴ ልክ መሆኑን አምና ስትቀበል ከሰዓት በኋላው ሁሉ ጠቆረባት።

ሲነጋ ግን አንድ ነገር ራሷን ጠየቀች። ይህን የመንገድ ስሌት ከጻፍኩት ወዲህ ለውጬው አውቃለሁ? አልለወጠችውም። በሬ በየትኛውም ቀበሌ በአራት እግሩ ነው የሚሄደው። የጎረቤት ቅያሜን ግን ስንት ጊዜ እንደለወጠችው ራሷም አታውቅ። የበዓላቱንም፣ ጨዋታውን የሚሞክሩ ሰዎች በደወሉላት ቁጥር፣ «እኛ ደብር እገሌ ይከበራል፣ እነ እገሌ ያርሳሉ» እያሏት አርማለች። እንግዲህ የማይለወጠው ወደሱ ይሂድ፤ የሚለወጠው እኔ ጋ ይቅር ብላ መለየት ጀመረች። ሥራው ቀላል ነበር፤ ባሕረ ሐሳቡ ላይ እስክትደርስ። እሱም ከተጻፈ ወዲህ አንድ ፊደል አልተለወጠበትም።

አለፈችው። አሁን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ስልክ አያዘገይም፤ ምክንያቷም ይህ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ማታ አባቷ የጻፈችውን አሳዪኝ ሲሏት አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው «ወንበር» የሚለውን ቃል በጣታቸው ነኩት፤ ደስ አላቸው።

«ታዲያ ይህን ማንም ከፍቶ ያነበዋል?»

«ያነበዋል ብቻ አይደለም፤ ይለውጠዋል። የሠራሁትም ለዚያ ነው። እያንዳንዱ ሰው የደብሩን በዓል ራሱ እንዲያስገባ።»

«ጾሙንም?»

«እዚሁ ስላለ… አዎ፣ ጾሙንም።»

መሪጌታ መነጽሩን አወለቁ። «የደብሩን በዓል ደብሩ ያውቃል። እኛ የምናከብረውን ወንዝ ማዶ ያለው ያርስበታል፤ ማንም ማንን አይከስም። ዐቢይ ጾምን ግን አንዱ ቀበሌ በየካቲት፣ ሌላው በግንቦት ሊይዘው ነው? ዝጊው ልጄ።»

«ሰው እንዳይለውጠው ከዘጋሁት ወደ ሀብተ ሥላሴ ቋንቋ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወዲያ እንዲህ በጣትዎ አይነኩትም። እኔም አላነበውም።»

«ስሕተት ቢገባበትስ?»

«እንፈትነዋለን።»

«ፈትነን እንሰጣለና!» አሉ፤ መነጽሩን ወደ ሰገባው መለሱ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ለእሷ አላለቀም። «አዝመራ» ሲጀመር መጀመሪያ የጻፈችው እሱን ነበር። ሰው ምን ትሠሪያለሽ ሲላት የምታሳየው እሱን ነው። ከጻፈችው ሁሉ ይበልጥ የሷ የመሰላት ነገር የማንም እንዳልሆነ፣ ስለዚህም ማንም ሊነካው በማይችልበት ስፍራ መቀመጥ እንዳለበት እስክትቀበል የመስቀል ዋዜማ ደረሰ።

ሀብተ ሥላሴ በመስቀል ማግሥት መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብርድ የማይችል ልጅ ነው፤ የአቶ አረጋን ካፖርት ተውሶ ከጠረጴዛው ኋላ ከጎኗ ተቀመጠ። ሊከራከር ተዘጋጅቶ እንደመጣ ከፊቱ ያስታውቃል።

«የበሬዎቹን መንገድ ውሰድ» አለችው ገና ላፕቶፑን ሳይከፍት። «ባሕረ ሐሳቡንም።»

«ባሕረ ሐሳቡንም? ኩራትሽ እሱ አልነበር እንዴ?»

«ነበር።»

ሁለት ቀን እዚያው ተቀምጦ ሁለቱን ገለበጠ። ሲጨርስ መሪጌታ ወርደው መጡና ፈተናው ተደረገ። የትናየት ዓመት ትጠራለች፤ አባቷ በቃላቸው ያወጣሉ፤ ስልኩ የራሱን ያሳያል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ አልተገናኙም። ሀብተ ሥላሴ ኮዱን አገላብጦ ሲያይ ከቀሪው ላይ አንዱን መቀነስ ረስቷል። ለማረም የፈጀበት ጥቂት ነው። ከዚያ ግን ፕሮግራሙ እንደገና ወደ ማሽን ቋንቋ መገልበጥ ነበረበት፤ ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ መሐል ላይም መብራት ሄደ። ሦስቱም ቁጭ ብለው ጠበቁ።

«ምን እየሠራ ነው አሁን?» አሉ መሪጌታ።

«እየተገለበጠ ነው አባ።»

«ብራና የሚገለብጥ ደብተራ ይመስላል። ቶሎ አይልም?»

«አይልም።»

ተገልብጦ ሲያልቅ የጠሩት ዓመት ሁሉ ገጠመ። መሪጌታም ተማሪ እንዳሳለፈ ፈታኝ መርቀው ሄዱ። በሬዎቹ አሁን በርካሹ ስልክ ላይ ሳይንቀጠቀጡ ዳገቱን ይወጡታል። ሀብተ ሥላሴ ይህን ለብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየና ስልኩን አስቀመጠ።

«የትናየት፣ እውነቱን ልንገርሽ። እዚህ ከደረስን የቀረውንም ልውሰደው። ሁለት ቋንቋ ባለበት ስሕተትም ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ያንቺ ይሁን የኔ ስንፈልግ እንውላለን። በአንድ ቋንቋ ቢሆን አንድ ሰው ይይዘዋል።»

«አንተ ትይዘዋለህ።»

«አዎ፣ እኔ።»

ያልጠበቀችው አልነበረም፤ ክርክሩም ባዶ አልነበረም። ስሕተት ስትፈልግ የዋለችባቸውን ቀናት አስታወሰች። በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። ጀውሀራ ናት፤ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው።

«የትናዬ፣ ዛሬ ተጣልተናል!»

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ያንቺ ገበሬ ዓርብ ጠዋት ሞፈር ተሸክሞ ይወጣል። የኔ ጎጆ እኮ ነው! የኛ ሰው ከጁምዓ ሶላት በፊት አያርስም። አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኛል? ጎጆዬን የእስላም ቤት አድርጊልኝ።»

የትናየት እስከዚያ ቀን አላሰበችውም። ጨዋታው ውስጥ ያሉት ቤቶች ሁሉ እንደ አባቷ ቤት ነበሩ። ጣቶቿ ግን ፋይሉን ከፍተዋል። «ይሆናል» አለች። «ግን መቀናጆዎ ክርስቲያን ነው። ዓርብ ጠዋት እሱ ማረስ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው በሬ ደግሞ የእርስዎ ነው። ይቀየምዎታል።»

«ለምን ይቀየመኛል? እሑድ እኔ እሱን ቁጭ ብዬ እጠብቀው የለ! በሚካኤል እጠብቀው የለ! ዓርብን እሱ ይጠብቀኛል። የአባቴ ጎረቤት እንዲያ ነበር፤ አገራችን ሐይቅ ሄደሽ ጠይቂ።»

የትናየት ጻፈች። ለጀውሀራ ቤት ዓርብ እስከ ጁምዓ ሞፈር አይነሣም። ቀጥሎም፦ መቀናጆው ይጠብቃል፤ በመጠበቁ አይቀየምም። የደንቡ ፋይል ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ነው፤ በቴሌግራም ላከችውና «ጨዋታውን ዘግተው ይክፈቱት» አለቻት። ከስልኩ ውስጥ የሳህን ድምፅ፣ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ቆመ!» አለች ጀውሀራ። «በሬዬ ቆመ። ውይ፣ ሰውዬውም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እሰይ የኔ ጎረቤት!»

ሀብተ ሥላሴ ካፖርቱን ወደ ትከሻው ሳበ። በአእምሮው የሚያሰላው ነገር ከፊቱ ይነበባል። በሱ ቋንቋ ቢሆን መጀመሪያ ኮምቦልቻ ይደወልለታል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ይጽፈዋል፤ ይገለበጣል፤ ከዚያ ጨዋታው በሙሉ፣ በዚህ ኔትወርክ፣ ጋሸና ድረስ። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ጀውሀራ እሱን አታውቀውም፤ አትደውልለትም።

«ይቅር» አለ በቀስታ። «ሌላውን አልነካውም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ስሕተት ስንፈልግ እንውላለን አልኩ እንጂ አንችልም አላልኩ።»

ጀውሀራ ግን ስልኩን አልዘጋችም። «ቆዪ፣ ቆዪ፤ ረመዳንስ? ረመዳንን እንዴት ልታደርጊልኝ ነው?»

ሀብተ ሥላሴ ቀና አለ። «እሱ እንኳ ስሌት ያለው ነው፤ እንደ ባሕረ ሐሳቡ ወደኔ ይምጣ» አለ።

የትናየት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እትዬ ጀውሀራ፣ እናንተ ቤት መግባቱ በምን ይታወቃል?»

«ጨረቃ ስትታይ ነዋ! ከታየች ይያዛል። ደመና ከጋረዳት ይጠበቃል።»

የትናየት ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረች።

«ይሄ የኔ ነው» አለችው፤ ከዚያ ለጀውሀራ፣ «እሺ እትዬ፣ ጨረቃዋን መጀመሪያ ያየ ሰው ለሌላው የሚነግረው እንዴት ነው? ከዚያ ይጀምሩልኝ» አለቻትና መጻፍ ጀመረች።